በእርሳስ የተጻፈው ትርጉም

ይድረስ ለአባዬ፤

ከተለየኸን ዘንድሮ አምስተኛው ክረምት ገባ። ተዝካርህን ካወጣን ወዲህ አንድም ቀን አልጻፍኩልህም። ሳላስብህ ቀርቼ አይደለም፣ ደክሞኝ ነው። ጠዋት በሚኒባስ ጎብዬ ጤና ጣቢያ ሥራ እሄዳለሁ፣ አመሻሽ ላይ ቆቦ እመለሳለሁ፤ ከዚያ እማዬን አጥባለሁ፣ አበላለሁ፣ አስተኛለሁ። አንተ አጭር ደብዳቤ አትወድም ነበር። "ወረቀቱ ተርፎሽ ነው?" ትለኝ ነበር። እንግዲህ ዛሬ ወረቀቱን እሞላልሃለሁ።

መጀመሪያ የቤቱን ልንገርህ። የተከልከው የብርቱካን ዛፍ ደረቀ። እሱ በነበረበት ቦታ አሁን የጎረቤታችን ልጅ ባጃጁን ያቆማል። ከተማው በባጃጅ ተሞልቷል፤ አንተ ደብተር ታቅፈህ በእግርህ የምትሄደውን መንገድ ዛሬ ተማሪው ሁሉ ተቀምጦ ነው የሚሄደው፤ ብታይ ትቆጣ ነበር። ወደ ዋጃ ሲወጣ ግራና ቀኙ ማሽላ የነበረው ሜዳ በከፊል ሽንኩርትና ቲማቲም ሆኗል፣ ውሃውን ከጉድጓድ በሞተር ይስቡለታል። ሙቀቱ ግን ያው ሙቀት ነው።

የተለወጠችው እማዬ ናት። መርሳት ጀምራለች። መጀመሪያ ጨው ያስቀመጠችበትን ረሳች፣ ቀጥሎ ዕለቱን፣ አሁን እኔን። ሙሉጌታ ትለኛለች። እኔ ሳልወለድ የሞተውን ወንድሜን፣ ከወረኢሉ ተዛውራችሁ እዚህ በመጣችሁ በዓመቱ፣ ገና በስምንት ዓመቱ ወባ የወሰደውን። እኔ ዛሬ በሦስት ቀን ኪኒን የምመልሳትን ወባ።

"ሙሉጌታዬ፣ ከትምህርት ቤት መጣህ?" ስትለኝ መጀመሪያ መጀመሪያ አርማት ነበር። "እማዬ፣ እኔ ምትኬ ነኝ" ስላት፣ "ሙሉጌታስ?" ትለኛለች። ያን ጊዜ መርዶውን እንደ አዲስ ላርዳት ነው? ስለዚህ ተውኩት። አሁን "አዎ፣ መጣሁ" እላለሁ። ቀን ቀን የሚጠብቁልኝ ጎረቤቶቻችን "አብሽሪ፣ ምን ታደርጊዋለሽ" ይሉኛል። እውነታቸውን ነው፣ ምን አደርገዋለሁ። ግን ሠላሳ ዓመት ሊሞላኝ ነው አባዬ፣ በገዛ ቤቴ በስሜ የሚጠራኝ ሰው የለም።

ስሜም ቢሆን የእኔ ብቻ ሆኖ አያውቅም። ልጅ የሞተበት ሰው ቀጥሎ የወለደውን ምትኩ፣ ምትኬ፣ ካሳ ብሎ መጥራቱ ያገር ልማድ ነው፤ ማንም ክፉ አስቦ አያደርገውም። እኔ ግን በተጠራሁ ቁጥር የሌላ ልጅ ወንበር ላይ የተቀመጥኩ ይመስለኝ ነበር። እማዬ ደግሞ ያን ጃኬት ታለብሰኝ ነበር። ለወረኢሉ ብርድ የተገዛውን፣ ውስጡ ጸጉር ያለውን የሙሉጌታን ጃኬት፣ በቆቦ ፀሐይ! ላቡ በጀርባዬ ሲወርድ፣ ልጆቹ "ደገኛዋ መጣች" እያሉ ሲስቁብኝ፣ እማዬ እጅጌውን ሁለቴ አጥፋ "ይኸው ልክሽ ነው" ትለኝ ነበር።

ባለፈው እሑድ ያን ጃኬት ካላመጣችሁልኝ አለች። "ልጄን ብርድ ሊገድለው ነው" ብላ አለቀሰች። ከቁም ሳጥኑ ላይ የቆርቆሮውን ሳጥን አወረድኩት። ጃኬቱን ብል በልቶት ጠበቀኝ። ከሥሩ ግን የሥዕል መጽሔቶቹ ነበሩ።

ለትምህርት ቤታችሁ ከውጭ በካርቶን በመጣው የእርዳታ መጽሐፍ መሃል የተገኙት፣ "ለትምህርት አይሆኑም" ተብለው ሊቃጠሉ ሲሉ በብብትህ ይዘህ ያመጣሃቸው። ያኔም አርጅተው ነበር። ባለ ካባው ጀግና፣ ከፎቅ ፎቅ የሚዘለው፣ ትንሹ ረዳቱ ጠፍቶበት ሌላ ልጅ የሚያመጣውና የዚያኑ የጠፋውን ልብስ የሚያለብሰው። ከሰዓት በኋላ ሙቀቱ ሰውን ሁሉ ቤት ሲያስገባ፣ አንተ መደቡ ላይ ጋደም ትላለህ፣ እኔ ሆድህን ተንተርሼ ሥዕሉን አያለሁ። ከሰዎቹ አፍ የሚወጣውን ነጭ ክብ "እንቁላል" እለው ነበር። "ይሄኛው እንቁላልስ ምን ይላል?" ማለቴ ሲያሰለችህ፣ ትርጉሙን ከየእንቁላሉ ሥር በእርሳስ ጻፍክልኝ። ማንበብ የለመድኩት በዚያ ነው። ፊቷን በጭምብል የሸፈነችው ተተኪ ሴት ልጅ መሆኗንም ያወቅኩት ካንተ ነው። ጀግናው "ያለፈው አለፈ፤ አንቺ እንደ ራስሽ ዝለዪ" ሲላት፣ ያቺን ገጽ ስንቴ አስደገምኩህ!

እሑድ ከምሳ በኋላ እማዬ ሸለብ ሲያደርጋት መሬት ላይ ተቀመጥኩና አነበብኳቸው። በዚህኛው ጊዜ እንግሊዝኛውን።

ኧረ አባዬ! አንድ ቃል የሳተ ተማሪ ዓረፍተ ነገሩን አሥር ጊዜ እንዲጽፍ የምታደርግ መምህር! እንዲህ ያለ ትርጉም ተማሪ ቢያመጣልህ በቀይ እስክሪብቶ ዜሮ ነበር የምትሰጠው። ተተኪው ወንድ ነው። በየገጹ ወንድ ነው። ጀግናው አንድም ቀን እንደ ራስህ ዝለል ብሎት አያውቅም። የሚለው "እሱ ቢሆን እንዲህ አይሳሳትም ነበር" ነው። ልጁ ከጣሪያ ወድቆ ጉልበቱ ተልጦ የተቀመጠበት ገጽ ላይ ደግሞ "የለበስከው የማን ልብስ እንደሆነ አትርሳ" ይለዋል። ከሥሩ ያንተ እርሳስ፦ "ደክሞሻል። ነይ፣ ውሃ ጠጪ።" እሱን ሳነብ ሳቄ መጣ፤ እየሳቅኩ አለቀስኩ።

የመጽሔቱ የመጨረሻ ቁጥር ጠፍቷል ብለኸኝ ነበር። አልጠፋም፣ በጋዜጣ ተጠቅልሎ ከሳጥኑ ግርጌ ነበር። እዚያ ላይ የመጀመሪያው ረዳት በሕይወት ተገኝቶ ይመለሳል። ጀግናው ያቅፈዋል። ሁለተኛው ልጅ ልብሱን አጣጥፎ ወንበር ላይ ያስቀምጥና በጓሮ በር ይወጣል። ወዴት ሄደ ብሎ የጠየቀ የለም። በዚያ መጽሔት ላይ የእርሳስ ምልክት እንኳ የለም።

በቃልህ የነገርከኝ መጨረሻ ሌላ ነበር። ተተኪዋ የድሮውን ልብስ ለባለቤቱ መልሳ፣ የራሷን ቀይ ልብስ አሰፍታ፣ በፊት ለፊቱ በር ወጣች አልከኝ። ይህን በነገርከኝ ሳምንት እጄን ይዘህ ገበያ ወሰድከኝ። ስስ ቀይ ቀሚስ አስመረጥከኝና እዚያው አለበስከኝ፤ ጃኬቱን ለእማዬ መለስክላት። ሦስት ቀን አኮረፈችህ። አንተም አልተሟገትካት።

እኔ ይህን ሁሉ አልገጣጠምኩትም ነበር። ስለ ሙሉጌታ አንድም ቀን አፍህን አልከፈትክም። ዝም ብለህ ስታየኝ እሱን በእኔ ላይ የምትፈልግ ይመስለኝ ነበር። ታመህ ሳስታምምህ እንኳ ይህን ቅያሜ ይዤ ነበር የማስታምምህ። ብጠይቅህ ትነግረኝ ነበር ይሆናል። አልጠየቅኩህም፤ ይቅር በለኝ።

እማዬ ስትነቃ ከተዘረጉት መጽሔቶች መሃል አገኘችኝ።

"ሙሉጌታዬ" አለች።

"አቤት" አልኳት፣ እንደ ልማዴ።

"ያቺ ልጅስ? ያቺ ባለ ቀይ ቀሚሷ? ከጠዋት ጀምሮ አላየኋት። ፀሐይ እኮ ሊያቃጥላት ነው! ውጣና ጥራት እንጂ፣ ምን ትጎለታለህ?"

ለካ እኔንም ስትጠብቀኝ ነው የከረመችው።

ተነስቼ ወጣሁ። ፀሐዩ ይፋጃል። የጎረቤታችን ልጅ ባጃጁን እያጠበ ነበር፤ እሱ እያየኝ "ምትኬ! ነይ ግቢ!" ብዬ በገዛ ስሜ ተጣራሁ። ጨርቁን እንደያዘ ቀረ። ከዚያ በፊት ለፊቱ በር ገባሁ። እማዬ ቀና ብላ አየችኝ።

"መጣሽ?" አለችኝ። "እንዲህ ነው የሚጠፋ? በይ፣ ውሃ ጠጪ።"

ቆሜ ጠጣሁ።

ሰኞ እንደገና ሙሉጌታ አለችኝ፣ ዛሬም እንዲሁ። አልዋሽህም፣ ድካሙ አልቀለለኝም። አቤት ማለቱን ግን እንደ ድሮው አልጠላሁትም። ሲላት ያቺን ልጅ እንድጠራላት ታዘኛለች፣ እኔም ወጥቼ እጠራለሁ።

እርሳስህ እየደበዘዘ ነው አባዬ። አንዳንዱ ቦታ ወረቀቱን ወደ ብርሃን ካላዘነበልኩት አይነበብም። ከጎብዬ ጥቁር እስክሪብቶ ገዝቻለሁ። እሑድ እሑድ፣ እማዬ ስትተኛ፣ ጽሕፈትህን ፊደል በፊደል እየተከተልኩ አደምቀዋለሁ። አንድ ቃል አላርምም። የመጨረሻው ቁጥር ላይ ደግሞ በቃልህ የነገርከኝን እጽፍበታለሁ፣ በፊት ለፊቱ በር መውጣቷን ጭምር። አልረሳህም። እንደ እማዬ ሆኜ ብረሳህ እንኳ፣ የሚያስታምመኝ ሰው ሳጥኑን ሲከፍት ተጽፎ ያገኘዋል፤ ያንብብልኝ።

ልጅህ
ምትኬ