የንጋት አሥራ አንድ ሰዓት ሕልም

ሰኞ፣ ኅዳር 3። ንጋት 11፡20

ዛሬም ክንዴ ወደቀ። ያውም አፍንጫዬ ላይ። ዮናስ ክንድህን ቀጥ አድርገህ አቁመህ ተኛ፣ እንቅልፍ ሊወስድህ ሲል ይወድቅና ያባንንሃል፣ እንዲህ እንዲህ እያልህ ገላህ ሲተኛ አእምሮህ ነቅቶ ይቀራል ብሎኝ ነበር። እስካሁን ነቅቶ የቀረው አፍንጫዬ ነው።

ዮናስ ከጎኔ ያለው ክፍል ተከራይ ነው። ጤና ተማሪ። ለዕረፍት መጥቶ መንገድ ተዘጋበትና እዚሁ ፍኖተ ሰላም ቀረ። ኔት በነበረ ጊዜ ስልኩ ላይ ያወረደው ቪዲዮ አለ። ሰው እያለመ ማለሙን ያውቅና ሕልሙን ወደፈለገው ይነዳዋል። መንዳት ከሆነ እኔም ነጂ ነኝ። የባጃጅ። ከ10ኛ ክፍል የወጣሁ ቢሆንም መሪ አልስትም።

ሕጉ፦ ሌሊት 10 ሰዓት መነሳት። ትንሽ መቀመጥ። ተመልሶ መጋደም፣ ሳይነቃነቁ። እስትንፋስ መቁጠር። «ቀጥሎ የማየው ሕልም ነው» እያሉ መስጠም። ሕልም የሚበዛው ሊነጋጋ ሲል ነው ይላል። እኔም የምፈልገው ያንን ሰዓት ነው። ለምን እንደሆነ ሌላ ቀን። ቤንዚን ወረፋ አለብኝ።

ረቡዕ፣ ኅዳር 5። ከቀኑ 7 ሰዓት

ባጃጅ ውስጥ፣ ጥላ ሥር። አዲስ ልምምድ፦ ቀኑን ሙሉ ጣት መቁጠር። በሕልም ጣት አምስት አይሆንም አሉ። ቁጠራው ልማድ ከሆነልህ በሕልምህም ትቆጥርና ትነቃበታለህ። ዛሬ ዶሮ ይዛ የተሳፈረች ሴት እየነዳሁ ጣቴን ስቆጥር አየችኝና ዶሮዋን እያቀፈች አውርደኝ አለች። የታመምሁ መስሏት። አላወረድኋትም፤ ጮክ ብዬ የዶሮዋን ጣት መቁጠር ጀመርሁ።

እሺ፣ ልንገርህ። አንተ ደብተር ከፋብሪካ ነው የመጣኸው፣ የሰው ወግ አታውቅም። በእኛ አገር መርዶ እንዲያው አይነገርም። ዘመድ ጎረቤቱ ጎህ ሳይቀድ ይሰበሰባል፣ ጋቢውን ተከናንቦ ደጅ ላይ ይቀመጣል። ዝም ብሎ። በሩን የከፈተ ሰው ያን ካየ ማንም ሳይነግረው ያውቃል።

አከራዬ እትዬ ጥሩዓለም አንድ ልጅ አላቸው፣ ሙሉቀን። አብሮ አደጌ ነው። ቡሬ ወፍጮ ቤት ይሠራል። ባለፈው ጥቅምት መንገዱም ስልኩም ተዘግቶ ድምፁን ሳይሰሙ ወር አለፋቸው። አንድ ማታ ኔትዎርክ ብልጭ ሲል ደወለልኝ። ማንኩሳ ደርሻለሁ፣ ንጋት ላይ እገባለሁ፣ ለእማዬ እንዳትነግር አለ። ድንገት ገብቶ ሊያስደስታቸው።

ይህን ለእኔ ይነግሩታል? አምስት ባጃጅ ነጂ ሰበሰብሁ። ጋቢ ተከናንበን ደጁ ላይ ተደረደርን። ሙሉቀንን ደጁ ላይ ካለው ዛፍ ጀርባ ቁም፣ ሳፏጭ ውጣ አልሁት። ስለ ጋቢው አልነገርሁትም። ሐሳቤ፦ ትንሽ ይደንግጡ፣ ከዚያ ልጃቸው ዘሎ ይውጣ፣ ከዚያ ዕልልታ፣ ከዚያ ከተማው ሁሉ ሲያወራልኝ ይክረም።

እትዬ የግቢውን በር ከፈቱ፣ ሳላፏጭ ወደቁ።

ሐሙስ፣ ኅዳር 6። ማታ 1 ሰዓት

ትናንት እዚያ ላይ ስደርስ ዘጋሁህ።

እትዬ የወደቁት ደጃፉ ድንጋይ ላይ ነው። ቀኝ እጃቸው ተሰበረ። ሙሉቀን ሮጦ ሲያነሳቸው እንኳ አላመኑም፤ ፊቱን እየዳሰሱ ስሙን ደጋግመው ጠየቁት። ከዚያ እኔን በቡጢ መታኝ። ደግ አደረገ። ወጌሻ አምጥተን እጃቸው ታሰረ። ሙሉቀን ሳምንት ተቀምጦ ወደ ሥራው ተመለሰ።

ቤቴን ልቀቅ አላሉኝም። አልሰደቡኝም። ብቻ አያናግሩኝም። ድሮ ጠዋት ጠዋት አንተ ወስላታ፣ ዛሬ ደግሞ ማንን ልታስለቅስ ነው ይሉኝ ነበር። እየሳቁ። ስድባቸው ናፈቀኝ ብልህ ትስቅብኛለህ?

ከሁሉ የከፋው፦ ንጋት 11 ሰዓት ይነሳሉ፣ ለቤተ ክርስቲያን ነጠላቸውን ይለብሳሉ፣ እስከ ግቢው በር ይሄዳሉ። መቀርቀሪያውን ይዘው ይቆማሉ። አይከፍቱትም። ከውጭ ሰው እስኪመጣ ወይ ፀሐይ እስኪወጣ ቆመው ይመለሳሉ። በመስኮቴ አያቸዋለሁ። ከዚያ ወዲህ አንድም ቀን አላስቀደሱም። ሙሉቀን ቅዳሜ ኅዳር 15 መጥቶ ቡሬ ሊወስዳቸው ነው። ለዘለቄታው። ሠላሳ ዓመት የኖሩበትን ቤት ዘግተው።

እኔም በየሌሊቱ ያንን በር አልማለሁ። ሁልጊዜ ይከፈታል፣ ሁልጊዜ ይወድቃሉ። ነቅቼ ልገባበት የፈለግሁት ለዚህ ነው። አንድ ጊዜ ብቻ ላስቆመው።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 8። ንጋት 12 ሰዓት

ዱካክ ተጫነኝ። እስትንፋሴን ስቆጥር ስልሳ ላይ ገላዬ ደነዘዘ፣ ጆሮዬ ጮኸ፣ ደረቴ ላይ የሆነ ነገር ተቀመጠ። ምላሴ አልንቀሳቀስ አለ። ዮናስ ዱካክ የሚባል ነገር የለም፣ ጡንቻህ ቀድሞህ ተኝቶ ነው፣ እንዲያውም ደጃፉ ላይ ደርሰሃል ይላል። በል አንተ ለራሱ ለዱካኩ ንገረው አልሁት።

ከሰዓት፣ 10 ሰዓት። አንድ ነገር ላልጽፍ ነበር። ምሳ ከበላን በኋላ ጋደም ብዬ ዓይኔን ገልብጬ ደርቄ ቀረሁ። ዮናስ ጮኸ፣ ውኃ ደፋብኝ፣ ስሜን እየጠራ በጥፊ መታኝ። ብድግ ብዬ ሳቅሁ። ዘወር ስል እትዬ ጥሩዓለም በራቸው ላይ ቆመዋል። ጩኸቱን ሰምተው ነው፣ የታሰረ እጃቸውን አቅፈው፣ ባዶ እግራቸውን። አዩኝ። ተመልሰው ገቡ።

ምን ዓይነት ፍጥረት ነኝ እኔ።

እሑድ፣ ኅዳር 9። ከሰዓት

ድንጋይ ተሸክሜ እግራቸው ላይ ልውደቅ አልሁ። ወጉ እንደዚያ ነው፤ ሽማግሌ ከፊት፣ ጥፋተኛው ድንጋዩን ማጅራቱ ላይ አድርጎ ከኋላ። የዕድሩን ሽማግሌ አያ ታደለን ለመንሁ፣ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ። አብረዋቸው ያሉት ሳቁ። አንዱ ድንጋዩ የስፖንጅ እንዳይሆን አለ። እኔም ልስቅ ነበር፣ ጥሩ ነበረች። አያ ታደለ አልሳቁም።

«አንተ ልጅ፣ ብታለቅስም እኛ የምናየው ከኋላህ ማን እንደተደበቀ ነው» አሉኝ። «እንዴት አድርገን እንመንህ?»

ባዶ እጄን ወደ ባጃጄ ተመለስሁ።

ሰኞ፣ ኅዳር 10። ንጋት 11፡45

ገባሁ! መብራት ሳላበራ ነው የምጽፈው፣ ጽሑፌን ይቅር በል።

ዱካኩ ሲመጣ አልታገልሁም። ዝም ብዬ መቁጠር። ከዚያ ደጁ ላይ ነኝ፣ ጋቢ ተከናንቤ። ጣቴን ቆጠርሁ፣ ሰባት። ሕልም ነው አልሁ፣ በሕልሜ ውስጥ። ሁሉ ነገር ጥርት አለ፣ የበሩ ዝገት ሳይቀር። ባለ ጋቢ ነጂዎቹን ጥፉ አልኋቸው፣ ጠፉ። በሩ ተከፈተ። እትዬ ወጡ። አልወደቁም። ይቅር በሉኝ አልሁ፤ ይቅር ብዬሃለሁ ልጄ አሉኝ። ደስታዬን አትጠይቀኝ። ድገሙልኝ አልሁ። ደገሙልኝ። በዚያው ድምፅ። እንደገና አልሁ። እንደገና።

ቀና ብዬ ሳይ ፊት የላቸውም። ነጠላው ውስጥ ምንም የለም።

ወዲያው ገባኝ። ያን ዕለት በሩ ሲከፈት እኔ አንገቴን ደፍቼ ጋቢውን ነክሼ ነበር። ሳቄ እንዳያመልጠኝ። ፊታቸውን አላየሁትም። ያላየሁትን ከየት አምጥቼ ላልመው። ይቅርታውንም እኔው ፈጥሬ እኔው አስባልኋቸው። ሌላ ቀልድ ነው። ተመልካቹም እኔ ብቻ።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 11። ከቀኑ 9 ሰዓት

ሄድሁ። በጠራራ ፀሐይ። ያለ ሽማግሌ፣ ያለ ድንጋይ። እትዬ ጥሩዓለም በረንዳው ላይ ተቀምጠው በግራ እጃቸው ምስር ይለቅማሉ። ተንበረከክሁ። መጀመሪያ ያዩት ከኋላዬ ነው።

ሁሉንም ነገርኋቸው። ማን እንዳሰበው፣ ሙሉቀን ስለ ጋቢው እንዳላወቀ፣ ጋቢውን ነክሼ ስስቅ እንደነበር። ይህን የመጨረሻውን ስል ምስሩን መልቀም አቆሙ። ፊታቸውን አየሁት። ለመጀመሪያ ጊዜ። አልጽፈውም።

«ተመለሰልሽ ይሉኛል» አሉ፣ ድምፃቸውን ሳያነሱ። «እኔ የዚያን ዕለት ልጄን ቀብሬዋለሁ። መቀርቀሪያውን በያዝሁ ቁጥር እንደገና እቀብረዋለሁ።»

ቀልድ ፈለግሁ፣ ልማድ ሆኖብኝ። አልነበረም። ምን ላድርግልዎ አልሁ። ምስራቸውን መልቀም ቀጠሉ። ነገ ኅዳር ሚካኤል ነው አሉ፣ ለእኔ ሳይሆን ለምስሩ። ከልጅነታቸው ቀርተው አያውቁም። ከዚያ፦

«እንግዲያ አንተ ቀድመህ ውጣና እይልኝ።»

ይቅር ብዬሃለሁ አላሉም። እኔም አልጠየቅሁም።

ረቡዕ፣ ኅዳር 12። ሌሊት 10፡40

ተነሥቻለሁ። ማታ ዮናስ ተናደደብኝ። ሰው ወራት ለፍቶ የማያገኘውን በሳምንት አግኝተህ ትተዋለህ ወይ፣ ሁለተኛው ከመጀመሪያው ይቀላል፣ ልክ 11 ላይ ተመልሰህ ግባ አለኝ። ሰዓቱ ተይዟል አልሁት።

ወሰንሁ። ከዛሬ ጀምሮ በየንጋቱ 11 ሰዓት በሩን የምከፍተው እኔ ነኝ። ወጥቼ ግራ ቀኙን አይቼ ማንም የለም እላቸዋለሁ። ሳልቀልድ፣ ድምፄን ሳልለውጥ። ቡሬ እስኪሄዱ። ካልሄዱም እንደዚሁ፣ ይብቃህ እስኪሉኝ።

አንድ የሚያስፈራኝ አለ። ወጥቼ ማንም የለም ስል ያምኑኛል? እኔን? በሩ ክፍት ሆኖ፣ ደጁ ባዶ ሆኖ፣ የተናገረው የእኔ አፍ ስለሆነ ብቻ ባያምኑስ? ለዚህ ዮናስ ቪዲዮ የለውም።

መብራታቸው በራ። ነጠላ እያራገፉ ነው። በግራ እጅ ይቸግራቸዋል። እግራቸው ወደ በሩ አልሄደም፣ ወደ እኔ ክፍል ነው። መስኮቴን መቱት። አንተ ወስ