ስለ ከሰል ፊልተር አመራረጥዎ ከአንድ አጎት የቀረበ ምስጋና

ለተከበሩ አቶ ህሩይ፣ የማራኪ ሰፈር ወጣቶች ጤና ክበብ ሰብሳቢ፣ ደግሞም ባለ ሱቅ፤

ሱቅዎ ሙሉ፣ ደጅዎ ሰላም ይሁን፤ ሳንባዎም እንደ ሕሊናዎ ሳይሠራበት አዲስ ሆኖ ይቆይልዎ። እኔ የዲያቆን አለበል አጎት ነኝ። በአደባባይ የምጽፍልዎ የዋሉልንን ውለታ በጓዳ ማመስገን ነውር ስለመሰለኝ ነው።

አንደኛ፤ አለበል ትምባሆ እየጠቀለለ ማጨስ መጀመሩን ሲያጫውትዎ፣ እንደ ተራ ሰው ሳይቆጡ፣ ሱቅዎ ውስጥ ክበብዎ ከለጠፈው የማጨስ ክልከላ ሥር አስቀምጠው በሲጋራ ጫፍ የሚሰካ ፊልተር አመራረጥ አስተምረውታል። ቀጭኑ ለጀማሪ፣ ወፍራሙ ለጉሮሮ እንደሚበጅ፣ ከኮኮናት ቅርፊት የተሠራው ከሰልም መርዙን ሁሉ መጥጦ ለዘማሪ ንጹሕ ነፋስ ብቻ እንደሚያሳልፍ አስረድተውታል። እኛ ከሰል በተዘጋ ቤት ሰው ሲገድል እንጂ ሲያድን አይተን ስለማናውቅ ዕውቀትዎ አስደንቆናል።

ሁለተኛ፤ የፊልተሩ አንድ ጫፍ ሸክላ፣ ሌላው ፕላስቲክ ነው። ሸክላው ወደ እሳቱ መዞር እንዳለበት ማሸጊያው ላይ ተሥሏል። እርስዎ ግን በሥዕል የሚመሩ ሰው ስላልሆኑ ገልብጠው አሳዩት፤ በጥርሱ ጠበቅ አድርጎ እንዲይዘውም መከሩት። ልጁ ለዋዜማ ሲሄድ እንደ ምክርዎ አደረገ፤ ፕላስቲኩ ቀለጠ፣ ሸክላው ተሰበረ፣ ከሰሉ አፉ ውስጥ ተዘረገፈ።

ሦስተኛ፤ በዚያው አፉ ማሕሌት ቆመ። መሪጌታ ኪዳነ ማርያም የጠቆረ ከንፈሩን ሲያዩ ብራና ሲጽፍ ብዕር የላሰ መስሏቸው፣ ቁም ጽሕፈት ጀመርህ ወይ ብለው በሰው ፊት መረቁት። ምርቃቱን ሊቀበል ጎንበስ ሲል ሳል ያዘው፤ ጥቁር አክታው ነጭ ኩታቸው ላይ ዐረፈ፣ የትምባሆው ሽታም ተከተለ። ጸናጽሉን ከእጁ ወሰዱት። በጥምቀት ከታቦቱ ፊት እንዲዘምር የታጨው ልጅ ቀሐ ወንዝ ዳር ከሕዝቡ ኋላ ተደብቆ ዋለ። ይህን ሊነግራት የደፈረ ሰው ስላልነበረ፣ ከደባት የመጣችው እናቱ ስንዱ የልጇን ድምፅ ለመለየት ጆሮዋን አቅንታ ውላ ተመለሰች።

ለዚህ ሁሉ ትጋትዎ ከወገቤ ዝቅ ብዬ እጅ እየነሣሁ፣ ዕድሜዎን ከነሳሉ እንዲያረዝምልዎ የምጸልይ፣

አክባሪዎ ወንድምአገኝ፣ ከአራዳ

ሳልረሳው፦ በአለበል ቦታ ስለቆመው ልጅዎ ስለ ሐብተ ማርያም እንኳን ደስ ያለዎ፤ ሸጋ ድምፅ አለው። ባለፈው እሑድ ለሚጠቀልለው ትምባሆ የትኛው ፊልተር እንደሚሻል በሹክሹክታ አማከረኝ። ወደ እርስዎ ብመራው አባቴን እፈራለሁ አለኝ። አይዞህ፣ አባትህ በዚህ ነገር ተቆጥቶ አያውቅም አልሁት፤ ነገ ሱቅዎ ይመጣል።