እንኮይ የዋሸችበት ቀን

ይድረስ ለሥራ ወንድሜ፤

እንደምን ሰንብተሃል? ያ ሳልህ ተወህ ወይ? እኔ በመድኃኔ ዓለም ቸርነት አለሁ፤ ወባው ሁለቴ ጥሎኝ ተነሥቻለሁ። መተማን ተሻግሬ ገዳሪፍ ከገባሁ ሁለተኛ ዓመቴ ነው። የመኖሪያ ወረቀቱን፣ ኢቃማውን፣ እስካሁን አልሰጡኝም። ከካርቱም ጦርነት የሸሸው ሕዝብ ከተማውን ሞልቶት ውኃ የምናገኘው በአህያ ጋሪ ሲመጣልን ነው።

በስልክ የላክኸው መልእክት ደርሶኛል። የልጆች ፕሮግራማችን እንደገና ሊጀመር ነው፣ አሥራ ሦስት ክፍል ጽፈሽ ላኪልን፣ ድምፅሽንም እዚያው ቀድተሽ ላኪ ብለሃል። «ሕፃናቱ እንኮይን ናፍቀዋል» ያልከውን ሳነብ ስቄ ነበር። ሳቄ ደግ ሳቅ አልነበረም መሰለኝ፣ አሠሪዬ ራሒማ ደንግጣ ምን ነካሽ አለችኝ።

እዚህ ምን እንደምሠራ አልጠየቅኸኝም፤ ልንገርህ። ራሒማ የወሎ ሰው ናት፣ ገበያው አጠገብ ፉል ቤት አላት። እኔ ሳህን አጥባለሁ፣ ትእዛዝ ተቀብዬ ወደ ማድቤት እጣራለሁ። ዘጠኝ ዓመት ለልጆች ቴሌቪዥን የጻፈ እጄ አሁን በሳሙና ተልጧል። የሚያንገበግበኝ ግን ይህ አይደለም።

ባለፈው ሳምንት ባሱንዳ እርሻ ላይ ሰሊጥ ሲያጭዱ የከረሙ ያገራችን ሰዎች ምሳ ሊበሉ ገቡ። መካከላቸው አሰጋሽ የምትባል የመተማ ሴት ነበረች፣ ሙሉዬ የምትባል የዘጠኝ ዓመት ልጇን ይዛ። እኔ እንደ ልማዴ «ፉል ሁለት፣ ዘይት ይብዛበት!» ብዬ ስጣራ ልጅቱ ዳቦዋን አስቀመጠች። «እማ፣ እንኮይ ናት» አለች።

እንኮይን ጃርት ያደረግኋት እኔ ነበርኩ። ነጎድጓድ የምትፈራ፣ ውሻ የምትፈራ፣ ፈራሁ ለማለት ግን የማታፍር የጨርቅ አሻንጉሊት። ልጆቹ የወደዷት ለዚያ ነው። አንተም አገሩ በተኩስ በታመሰበት በዚያ ሳምንት የማሳሰቢያ ወረቀትህን ይዘህ እኔ ዘንድ የመጣኸው ለዚያው ነው። ትምህርት ቤት ተከፍቷል፣ መንገዱም ሰላም ነው፣ እኔ እሄዳለሁ፣ እናንተም ሂዱ ትበል አልከኝ። መንገዱን ማን አይቶት ብልህ፣ «እንኮይ ካልፈራች ማንም ልጅ አይፈራም፤ አንዲት ዓረፍተ ነገር ናት» አልከኝ። ሁለት ቀን እምቢ አልኩ። በሦስተኛው ጻፍኩት፤ በገዛ ድምፄም ተናገርኩት። ለእንጀራዬ ፈርቼ ይሁን አንተን ላለማስቀየም፣ ዛሬም አላውቀውም።

አሰጋሽ ተነሥታ ሳህን ወደማጥብበት መጣች። ዘመኑ የሚባል ወንድ ልጅ ነበረኝ አለችኝ፤ የሙሉዬ ታላቅ፣ የሁለተኛ ክፍል ተማሪ። እንኮይን ከእኅቱ ጋር ሻይ ቤት ቁጭ ብሎ ነበር የሚያያት። ያን ክፍል ባየ በማግስቱ እናቱ ቅር ብሏት ቤት ዋል ብትለው፣ «እንኮይ ከሄደች እኔስ ምን ሁኜ ነው ብሎኝ ነው የወጣ» አለች። መንገድ ላይ ተኩስ ተከፈተ። ከየትኛው ወገን እንደሆነ እስካሁን የነገራት የለም። በራሷ ነጠላ ጠቅልላ ቀበረችው።

«በይ ያለሽ ማን ነው?» አለችኝ። ስምህ አፌ ላይ ደርሶ ነበር። «የጻፍኩት እኔ ነኝ» አልኳት።

ትመታኛለች ብዬ ጠበቅሁ። ትረግመኛለች ብዬም ጠበቅሁ። እሷ ግን ልጅቱን እጇን ይዛ አመጣቻት። እዚህ የስደተኞች ትምህርት ቤት ብትወስዳት ከበሩ አላልፍ ብላ ዓመት ሊሞላት ነው። «ፈርቼ ነበር በያት፤ በዚያው ድምፅሽ» አለችኝ።

እጄን ሳልለቃለቅ ተንበረከክሁ። በእንኮይ ድምፅ፣ «ሙሉዬ፣ ያን ቀን ፈርቼ ነበር። መንገዱንም አላየሁት። ዋሽቻችኋለሁ» አልኳት።

ልጅቱ ዓይን ዓይኔን እያየች፣ «ታዲያ ለምን ሂዱ አልሽን?» አለችኝ።

ለዚህ መልስ አንተ አለህ?

በማግስቱ ለማሽላ ሥራ በሎሪ ወደ መፋዛ ሄዱ። ልጅቱ አልተሰናበተችኝም። ትምህርት ቤት ትግባ አትግባ የምሰማበት መንገድ የለኝም። ከዚያ ወዲህ ትእዛዝ ስጣራ ድምፄን አጎረንናለሁ፤ ራሒማ ጉንፋን መስሏት ዝንጅብል ታፈላልኛለች።

ስለዚህ አልጽፍልህም፤ ድምፄንም አልልክልህም። አሻንጉሊቷ እዚያው አንተ ዘንድ ናት፣ ሌላ ሴት አስመስላ ትናገር ብትል ከልካይ የለህም።

አንድ ነገር ጠይቄህ ልተው። ያ ክፍል እሑድ ተላልፎ ሰኞ ጧት ቢሮ ስትገባ፣ ሁለቱም ልጆችህ ትኩሳት ይዟቸው ከትምህርት ቤት ቀርተው ቤት እንደዋሉ ነግረኸኝ ነበር። እኔም እግዜር ይማርልህ ብዬ ሎሚ በእጅህ ላክሁላቸው። ትኩሳቱ ሳምንቱን ሙሉ አልለቀቃቸውም። ለመሆኑ ሐኪሙ ምን ነው አለህ?

ልጆችህን እግዚአብሔር ያሳድግልህ፤ ለወግ ለማዕረግ አብቅቶ ያሳይህ። ይህን የምመርቅህ ከልቤ ነው፤ እነሱ ምን አደረጉ።

እንኮይን ትናገር የነበረች
የቀድሞ ባልደረባህ