የአቶ ኪዳኑ የእምነት ቃል

ኅዳር 2
ብርድ። ባጃጅ አጥቼ በእግሬ ገባሁ። የቀርከሃ ዕቃ ሠሪዎች ማኅበራችንን ኢሜይል ከፈትኩ... ስልሳ ሁለት ደብዳቤ። ስልሳው የአጭበርባሪ! ዕጣ ወጣላችሁ፣ ውርስ ተገኘላችሁ። ሰብሳቢያችን አቶ ኪዳኑ ደግሞ ለእያንዳንዱ መልስ ጽፈዋል። «ሰው ‹እንደምን ሰነበታችሁ› ብሎ ጽፎ ዝም ይባላል እንዴ፣ ልጄ?» መልስ ባገኙ ቁጥር እንደሚብሱ ነገርኳቸው። የሰሙኝ አይመስለኝም።

ኅዳር 5
የፈራሁት ደረሰ። «ሳጥናችሁ ሊሞላ ነው፣ የይለፍ ቃል አስገቡ» የሚል ኢሜይል ለአቶ ኪዳኑ መጣላቸው። አስገቡ! ሌባው በእኛ ስም ለስንቱ ሰው የውሸት ዕጣ ሲበትን ዋለ። አሁን አድራሻችን የአጭበርባሪ ኢሜይሎች የሚታገዱበት የውጭ አገር መዝገብ ውስጥ ገብቷል፤ የምንልከው ሁሉ ይመለሳል። በባሕር ዳሩ ኤግዚቢሽን የመሳተፋችን ማረጋገጫ እስከ ኅዳር 15 መድረስ አለበት። ለአዘጋጆቹ ደወልኩ፤ ከተመዘገበው ኢሜይል ውጭ አንቀበልም አሉ። አባላችን ሸጋ ሁለት ወር የደከመችበት ወንበር ቤቷ ሊቀር?
አቶ ኪዳኑን ተቆጣኋቸው። የአባቴ እኩያ... አፈርኩ።

ኅዳር 7
የይለፍ ቃሉን ቀየርኩ። ለካ ሌባው ደብዳቤያችን ሁሉ ለእሱም እንዲደርስ አድርጎ ኖሯል። ያንንም አጠፋሁት።

ኅዳር 8
ኔትወርክ የለም።

ኅዳር 9
መዝገቡን የሚይዙት ሰዎች ከመዝገቡ ለመውጣት የሚሞላ ቅጽ አላቸው። ምን ተፈጠረ? ምን አስተካከላችሁ? እንዳይደገምስ? «ባልታወቀ ችግር ምክንያት» ብዬ ጀመርኩ። አቶ ኪዳኑ ምን እንደጻፍኩ ጠየቁኝ፤ ተረጎምኩላቸው።
«ተይ! ሽማግሌ ፊት የቆመ ሰው ሰበብ አያበዛም። ‹እኔ ኪዳኑ አጠፋሁ› ብለሽ ጻፊ።»
ለማያውቁን ፈረንጆች? ቃል በቃል ጻፍኩት። ተስፋ ይኖረው ይሆን? እንጃ...

ኅዳር 13
መጣ! «ከመዝገቡ አውጥተናችኋል። እንዲህ ያለ ግልጽ ማመልከቻ ብዙም አይደርሰንም።» ወዲያው ማረጋገጫውን ላኩ። ከባሕር ዳር አንዲት ቃል፦ «ደርሶናል።» ሸጋ እልል አለች። እኔም እንባዬ መጣ።

ኅዳር 16
የማኅበሩ ስብሰባ። አቶ ኪዳኑ ተነሥተው ጥፋታቸውን በአገውኛ ለሁሉም ተናገሩ። ምንም አላስቀሩም። ከዚያ ከአባላቱ አንዱ፣ ትዕዛዙ፣ ተነሣ፤ በስልክ እንዴት እንዳታለሉት ተናገረ። ቀጥሎ ወርቅአየሁ። ለካ ሁሉም በየቤቱ ደብቆት ኖሯል... ከእንግዲህ አጠራጣሪ ነገር የመጣለት ሰው በገበያ ቀን ይዞት ሊመጣ፣ አብረን ልናየው ተስማማን።
«ሌላስ ያለው አለ?» አሉ አቶ ኪዳኑ።
ወደ እኔ ያየ ማንም የለም። የኮምፒውተሯን ልጅ ማን ይጠረጥራል? አምና በውሸት የሥራ ማስታወቂያ ተታልዬ ዲግሪዬንም መታወቂያዬንም ልኬ ነበር። ለእናቴ እንኳ አልነገርኩም። እዚህ ደብተር ላይም ጽፌው አላውቅም።
እጄን አወጣሁ።