«አሚን» ብለን ስላስረከብነው የንባብ ክፍል

ለተከበሩ አቶ አብዱልሰመድ፣
የአርዲቦ ሐይቅ ዳር ትምህርት ቤቶች ሱፐርቫይዘር

ጤናዎ እንዴት ሰንብቷል? ከልጆቻችን የተረከቡት የንባብ ክፍል፣ አዲሱ ቢሮዎ፣ ተመችቶዎት፣ ወገብዎን ሳያምዎት እንደሚውሉ ተስፋ አደርጋለሁ። እኔ የአራተኛ ክፍሏ የሀውራ እናት መስኡዳ አሊ ነኝ። ልጆቹ አሁን ዋርካ ሥር ስለሚያነቡ፣ ከሐይቁ የሚመጣውን ብርድ እነሱ ይቀበሉልዎታል።

ጊዜዎ ውድ ስለሆነ ምስጋናዬን በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

፩. በወላጆች ስብሰባ ላይ ክፍሉን ለቢሮ መፈለግዎን በአንድ ትንፋሽ ተናግረው፣ ማንም ለጥያቄ እጁን ሳያወጣ ወደ ምርቃት ስለገቡ አመሰግናለሁ። «ልጅ ይውጣላችሁ፣ ከብቱን ያርባላችሁ» ሲሉን፣ ተመርቆ ዝም ማለት በእኛ አገር ነውር ነውና እጃችንን ዘርግተን «አሚን» አልን። በማግስቱ ወላጆች በሙሉ ድምፅ መስማማታቸውን የሚገልጽ፣ በምርቃት የሚጨርስ ማስታወቂያ በሩ ላይ ለጠፉ። ዱአን ድምፅ መስጫ ያደረገ ሰው ከእርስዎ በፊት አላየንም፤ ከእርስዎም በኋላ አያሳየን።

፪. መምህርት ፋና ልጆቹ ከአጭር ምንባብ የጸሐፊውን ዓላማ እንዲለዩ ሲያስተምሩ፣ መጽሐፉ ስላልተዳረሰ የእርስዎን ማስታወቂያ አስነበቧቸው። ጸሐፊው የጻፈው ለማሳወቅ ነው፣ ለማዝናናት ነው ወይስ ለማሳመን ብለው ጠየቁ። ግማሾቹ ለማዝናናት ነው አሉ፤ ይህንንም ስህተት ነው ለማለት ይከብደኛል። የእኔዋ ግን ተነሥታ፣ ጸሐፊው ምርቃቱን የጨመረው አሚን ብለን ክፍላችንን እንድንረሳው ነው ብላ መለሰች። መምህርቷ ትክክል ነሽ አሏት። እርስዎም በመስኮት በኩል ሰሙ። የሰሙትን ስለተረዱት ከልብ አመሰግናለሁ፤ ከእርስዎ ይህን ያህል አልጠበቅንም ነበር።

፫. መምህርቷን በሳምንቱ «ልምድ እንዲያካፍሉ» ብለው ከግሸን ባሻገር፣ ለስለት የመጣ ተሳላሚ እንኳ በሚያማርረው ዳገት ላይ ወዳለ ትምህርት ቤት ስላዛወሯቸው አመሰግናለሁ። የዝውውሩን ዓላማ ልጆቹ ማንም ሳይጠይቃቸው ለይተውታል።

፬. ተተኪው መምህር ብልህ ሰው ናቸው፤ ስለ ላምና ጥጃ ብቻ ያስነብባሉ። ሀውራ ግን እጇን ማውጣት ትታለች። ለምን ብዬ ብጠይቃት፣ መልሱን ካወቅሁት እኒህንም ይወስዱብናል አለችኝ። እዚህ ላይ፣ አቶ አብዱልሰመድ፣ ትሕትናዬን ለጊዜው አስቀምጣለሁ፤ ክፍሉን ይቅር ልልዎት እችል ይሆናል፣ ይህን ግን አልችልም።

ስለዚህ የምለምንዎ አንድ ነገር ነው፤ መምህርት ፋናን ይመልሱልን። ቢሮው ይቅርልዎት። እርስዎ በዕድሜዎ የንባብ ክፍል መግባትዎ፣ በዚህ መንገድም ቢሆን፣ ትልቅ ነገር ነው።

ከሥልጣን ወንበሩ ሲነሡ ለሚመለሱበት ሰፈር ሰላምታዬን አስቀድሜ እያቀረብኩ፣ ምርቃት ሳልጨምር፣

አክባሪዎ
መስኡዳ አሊ

ማስታወሻ፦ ባለፈው ሳምንት በጎረቤታችን በሙሐዲን ልጅ ሠርግ ላይ ማይክ ተቀብለው ሲመርቁ፣ ዳሱን የሞላው ሰው አንድም «አሚን» ሳይል ዝም ብሎ ጠበቀዎት። ለሙሽሮቹ አይስጉ፤ እርስዎ ሲወጡ መርቀናቸዋል። ባለሠርጎቹ ሐፍረትዎን ሊሸፍኑ ማይኩ ተበላሽቶ ነው ሲሉዎት፣ እርስዎም አምነው የማይኩን ባለቤት ሲቆጡ አይቻለሁ። ማይኩ ደህና ነበር።