ጭስ የለሽ ባሩድ

ቅዳሜ፣ ኖቬምበር 15 ቀን 2025

ዛሬም ከአባዬ ጓደኛ ከጋሼ ወርቁ ጋር ፓርክ ሮያል በሚባለው ሰፈር ወዳለው የተኩስ ክለብ ሄድኩ። ጋሼ ለዚያ አፈሙዙ ረጅም ለሆነው ሽጉጣቸው ባሩድና የእርሳስ አረር እየሞሉ ጥይት የሚሠሩት ራሳቸው ናቸው። አምስት ጊዜ ከተኮሱ አዳራሹ በጭስ ይታፈናል። «ባሩዱ ላይ እኮ ‹ጭስ የለሽ› ተብሎ ተጽፏል» ይላሉ፣ ጭሱ ማንበብ የሚችል ይመስል።

ባለፈው ሳምንት «ጋሼ፣ የሚጨሰው እርሳሱ ላይ የተቀባው ሰም ነው። በፕላስቲክ የተለበጠውን ይሞክሩ» አልኳቸው።

«አንቺ ደግሞ ከመቼ ወዲህ ነው ጥይት ሠሪ የሆንሽው?»

ዛሬ ሞከሩት። ጭሱ ጠፋ። «እኔም ጠርጥሬ ነበር» አሉ፣ ትንሽ እንኳ ሳያፍሩ።

ሁሉም ደስ አለው፣ እኔ ብቻ ከፋኝ። አባዬ በሕይወት ሳለ ከክለቡ ሲመለስ ጃኬቱ ያንን የተቃጠለ ሰም ይሸት ነበር። ጃኬቱን እማዬ አጥባዋለች። እኔም ጋሼን ስከተል የከረምኩት ለሽታው ነበር። ጎበዝ ነኝ ብዬ በገዛ አፌ አጠፋሁት።

ሰም ያለባቸው ጥቂት ጥይቶች ቀርተዋቸዋል። በሚመጣው ቅዳሜ «ጋሼ፣ እነዚህም እንዳይባክኑ» እላቸዋለሁ። በየቅዳሜው አንድ አንድ እያደረጉ ቢተኩሷቸው እስከ ገና ያደርሱኛል።