በኬብሉ ውስጥ የሚዞረው ጥሪ

ሰኞ
የሆስፒታሉ ኔትወርክ ዛሬም ቆመ። የወባ ውጤት ከላብራቶሪ በኮምፒውተር ወደ ሕፃናት ክፍል መድረስ ነበረበት፤ አልደረሰም። እናቶች የታመመ ልጅ አዝለው በዚህ የሸዋ ሮቢት ሙቀት ውጤት ፍለጋ ይመላለሳሉ። ኬብሎቹ ሁሉ የሚገናኙበትን ስዊች አጥፍቼ ሳበራው ትንሽ ይሠራና ይደነዝዛል። ሥራ አስኪያጁ «እስከ ዓርብ ካልሆነ ወደ ወረቀታችን እንመለሳለን» አሉ። በወረቀቱ ጊዜ የአንዱ ልጅ ውጤት ከሌላው ካርድ ጋር ሲገባ በዓይኔ አይቻለሁ። ወደዚያ መመለስ አልፈልግም።

ማክሰኞ
በኬብል የሚያልፈውን ሁሉ የሚያሳይ ፕሮግራም ከፈትኩ። ጉድ እኮ ነው። ለካ ማሽኖቹ ቀኑን ሙሉ ይጣራሉ። አንዱ ኮምፒውተር ፕሪንተሩ የት እንዳለ ሲጠፋው «የት ነህ?» ብሎ ለሁሉም ይጮኻል፤ ሁሉም ይሰማል፣ የሚመልሰው ባለቤቱ ብቻ ነው። ስንት ዓመት በዚህ ሥራ እንጀራ በልቼ፣ ቁጭ ብዬ ያየሁት ገና ዛሬ ነው። ምሳዬን ረሳሁት።
ግን ጥሪው በዛ። ከልክ ያለፈ ነው።

ረቡዕ
ጩኸት መቀነስ። ማንም ሳይፈልገው «አለሁ፣ አለሁ» የሚለውን አሮጌ ፕሪንተር አጠፋሁ። የአንዱ ጥሪ ሌላው ጋ እንዳይደርስ የአስተዳደሩን ማሽኖች ከሕክምናው ለየሁ። አስተዳደሩ ዳነ። ሕክምናው ያው ነው። ቢያንስ በሽታው በየትኛው ወገን እንዳለ ታወቀ።
የሕፃናት ክፍል ኃላፊዋ ሲስተር ዘሀራ ሲያልፉ «አንተ ማሽን ታስታምማለህ፣ እኔ ልጆች። ወላሂ የኔዎቹ ይሻላሉ፤ ያመማቸውን ያሳያሉ» አሉኝ።

ሐሙስ
አንድ ጥሪ ምንም ሳይለወጥ ደግሞ ደጋግሞ ሲያልፍ አየሁ። የጠየቀውን ኮምፒውተር ፈልጌ አገኘሁት። ከጠዋት ጀምሮ ተዘግቷል። ጠያቂው ተኝቶ ጥያቄው ይዞራል። የሚያስቆመው ስለሌለ አይሞትም፤ እየተባዛ መንገዱን ሁሉ ይሞላል። ፈራሁም፣ ደነቀኝም።
መዞሪያ ቢያገኝ ነው ብዬ ኬብሎቹን ክፍል በክፍል ተከተልኩ። ሙቀቱ ሲበረታ ነርሶቹ ጠረጴዛቸውን ፀሐይ ከሚመታው ክፍል ወደ ጥላው በረንዳ ያወጣሉ፤ እዚህ ደንብ ነው። የኮምፒውተሩ ኬብል እዚያው ቀርቷል፤ አንዱ ጫፍ ግድግዳው ላይ ባለው የኔትወርክ ቀዳዳ፣ ሌላውም ጫፍ ከጎኑ ባለው ቀዳዳ ተሰክቷል። ከስዊቹ በአንዱ ቀዳዳ የወጣው ሁሉ በሌላው ዞሮ ይመለሳል።
«ልጆቹን እንዳያደናቅፍ እኔ ነኝ የሰካሁት» አሉ ሲስተር፣ ደንግጠው። ምን ይባላል፣ ለልጆቹ ብለው ነው። ነቀልኩት። ስክሪኑ ላይ ሲጋልብ የነበረው ጽሑፍ ቀጥ አለ።

ዓርብ
አንዲት እናት ትኩሳት የሚያንቀጠቅጠውን ልጇን ይዛ መጣች። ላብራቶሪ ለምርመራ ደም ሰጥተው፣ ትንሽ ጠብቀው ሲመለሱ፣ ቁጭ እንኳ ሳይሉ፣ ውጤቱ ሲስተር ዘሀራ ዘንድ ደርሷል። ወባ ነው። ሥራ አስኪያጁ ስለ ወረቀት አላነሱም።
ልጁ የመጀመሪያውን መድኃኒት ተፋው። እናቱ አባብላ ደግማ ሰጠችው፤ ዋጠ። እዚያ ሥራ እንዳለበት ሰው በሩ ላይ ቆሜ ሳይ ቆየሁ። ትኩሳቱ ገና አልወረደም።